ከምርመራው ውጤት እስከ ቀዶ ሕክምናው ያሉት ሳምንታት

ለጠያቂዋ እህታችን፦

እግዚአብሔር ይማርዎት። «የጡት ካንሰር መሆኑን ነግረውኝ ሲያበቁ ለምን ይህን ያህል ያስጠብቁኛል?» ያሉትን ሳነብ፣ ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ለንደን ይህንኑ እያብሰለሰልኩ እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ።

የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ያወጣው የጊዜ ገደብ፣ ሕክምናው ተወስኖ ታካሚዋ ከተስማማችበት ቀን አንሥቶ በ31 ቀን፣ በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት ከተላከችበት ቀን አንሥቶ ደግሞ በ62 ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሕክምና እንዲጀመር ነው። ገደቡ ሁልጊዜ አይከበርምና ቀኖቹን ጽፈው ይያዙ፤ ሲያልፍም ለእርስዎ ለተመደበችው ነርስ ደውለው ምክንያቱን ይጠይቁ። በመካከሉ ግን የተወሰደው ናሙና ይመረመራል፦ ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑ፣ ኸር 2 የሚባለው ፕሮቲንም መብዛት አለመብዛቱ ይታያል። የኸር 2 ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል፤ እኔን ያዘገየኝም ይኸው ነበር። በውጤቱ መሠረት ኬሞ (የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት) ከቀዶ ሕክምናው እንዲቀድም ሊወሰን ስለሚችል፣ ሳይታወቅ መቸኮሉ እንደማይጠቅም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ቀጠሮ የ14 ዓመት ልጄ እንዲያስተረጉምልኝ አደረግሁ። ልጁ አንዳንዱን ቃል አያውቀውም፣ አንዳንዱን ደግሞ እያወቀው ለእናቱ መናገር አቃተው፤ እኔም ጡቴ በሙሉ ሊወጣ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት አለቀስኩ። የታሰበው ግን ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር ማውጣትና በኋላ ጨረር መስጠት ነበር። አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይቀርብልዎታልና ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ቢቻል ሴት፣ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይንገሩ። የሐበሻው ኑሮ የተሳሰረ ስለሆነ «አስተርጓሚዋ ታውቀኝ ይሆናል» ብለው ከሰጉ፣ በስልክ የሚያስተረጉም እንዲመድቡልዎ መጠየቅ ይችላሉ። እኔ ከሁለተኛው ቀጠሮ ጀምሮ ያደረግሁት ይህንን ነው።

ሥራዎን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. የ2010 የእኩልነት ሕግ የካንሰር ታካሚን ከምርመራው ቀን ጀምሮ ከአድልዎ ይጠብቃል። የሐኪም ማዘዣ መድኃኒትም በነጻ ነው፤ ቅጹን ከሐኪምዎ ክሊኒክ ይውሰዱ።

ወዳጅ ዘመድ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ሌላም ብዙ ነገር ያመጣልዎታል። በፍቅር የመጣን ነገር እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንዳንዱ በብዛት ሲወሰድ የደም መርጋትን ሊያውክ ስለሚችል፣ የሚወስዱትን ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለነርስዋ ይንገሩ። ጾም የሚይዙ ከሆነም እንዲሁ። እኔ ጸበሉን አልተውኩም፣ ቀጠሮም አላሳለፍኩም።

ቀጠሮዎ ሰሜን ለንደን ከሆነና ብቻዎን መሄድ ከከበደዎት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ ስለማልገባ አብሬዎት እሄዳለሁ። በግል ይጻፉልኝ።