ከጅቡቲ በሃይላንድ የመጣ ባክቴሪያ፣ 96.8 ከመቶ፦ አዲስ ዝርያ ነው ልበል?

የጅማዋ፦
ሰላም ቤቶች። ጅማ ነው ያለሁት፣ በማይክሮባዮሎጂ የማስተርስ ጥናት ላይ ነኝ። አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ባለፈው ሲመጣ "ለትምህርትሽ ከሆነ" ብሎ ከዳርቻው የባሕር ውኃ በሃይላንድ ቀድቶ አመጣልኝ። እጄ እስኪገባ አራት ቀን ጋቢና ውስጥ ቆይቷል። የባሕር ባክቴሪያ ማሳደጊያ ስላላገኘሁ ኑትረንት አጋር (ተራው የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ በሊትር 30 ግራም የወጥ ቤት ጨው ጨምሬ ሞከርኩ። ያለ ጨው አይበቅልም። አንዱ ግን ጉድ ነው! እንደሌላው ክብ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ሠርቶ አይቀመጥም፣ ማታ ጥጉ ላይ የነካሁት ጠዋት ፕሌቱን (የማሳደጊያ ሳህኑን) እንደገነፈለ ወተት ሞልቶት አገኘዋለሁ። ቲሲቢኤስ የሚባለው መለያ ማሳደጊያ ላይ ቢጫ ነው። 16ኤስን (ባክቴሪያ የሚለይበትን ጂን) በ27ኤፍ ፕራይመር (የንባብ ማስጀመሪያ) ከአንድ ጫፍ ብቻ አስነብቤ 1,000 የዲኤንኤ ፊደል መጣልኝ፣ ብላስት ላይ (ከታወቁ ጂኖች ጋር የሚያመሳክረው ፍለጋ) ከቅርብ ዘመዱ ጋር መመሳሰሉ 96.8 ከመቶ ሆነ። የተማርነው ከ97 በታች ከሆነ አዲስ ዝርያ ነው ተብለን ነው። አማካሪዬ ጋ ሄጄ እንዳይሳቅብኝ መጀመሪያ እናንተን ልጠይቅ።

ጨው በረንዳ፦
እህቴ ቀስ በይ። ክሮማቶግራሙን (እያንዳንዱ ፊደል እንደ ጉብታ፣ እንደ ፒክ የሚታይበትን የንባብ ሥዕል) ከፍተሽ አይተሽዋል ወይስ ፊደሉን ብቻ ነው ኮፒ ያደረግሽው? የሳንገር ንባብ (ያንቺ ዓይነቱ የዲኤንኤ ንባብ) 700፣ 800 ፊደል አካባቢ ሲደርስ ይደክማል። ፒኮቹ ይደራረባሉ፣ ማሽኑ ግን ምንም ሳያፍር ፊደል መጻፉን ይቀጥላል። ከ1,000 ፊደል 3.2 ከመቶ ማለት 32 ፊደል ነው እኮ፣ ያ ሁሉ ጭራው ላይ የተከማቸ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ቁረጪውና ድገሚው። ከዚያ በ1492አር ፕራይመር ከወዲያኛው ጫፍ አስነብቢና አገናኚው፣ ሙሉው 1,500 ገደማ ነው።
ደግሞ 97 የድሮ ነው፣ አሁን የሚሠራበት 98.7 ነው። እሱም ቢሆን ከዚያ ከወረደ "አዲስ ሊሆን ይችላል" ያሰኛል እንጂ ከበለጠ ያው ነው አያሰኝም። ያንቺ በሚመስለኝ በቪብሪዮ (የባክቴሪያ ወገን ነው) ላይማ 16ኤስ ጭራሽ አይታመንም፣ ሁለት የታወቁ ዝርያዎች በ16ኤስ ከ99 በላይ ይመሳሰላሉ። ጋይርቢ፣ ሬክኤ፣ ፓይርኤች የሚባሉትን ጂኖች ነው የሚያዩት። ጨው የሚፈልግ፣ ቲሲቢኤስ ላይ ቢጫ፣ ፕሌት የሚያጥለቀልቅ... ቪብሪዮ ካልሆነ ጆሮዬ ይቆረጥ። ቪብሪዮ አልጂኖሊቲከስ ይመስለኛል።

ድሮ ላብ ነበርኩ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሃይላንዱ ነው። ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ሲታሸግ የባሕሩ ማኅበር እንዳለ አይቆይም። አራት ቀን በጋቢና ሙቀት ማለት ፈጣኖቹ በልተው ተባዝተው ሌላውን ውጠውታል ማለት ነው። ስለዚህ ያገኘሽው በባሕሩ ብዙ የነበረውን ሳይሆን ጉዞውን የወደደውን ነው። የወጥ ቤት ጨውም ሶዲየም ክሎራይድና አዮዲን ነው፣ የባሕር ውኃ ማግኒዚየምም ካልሲየምም አለው፣ እነሱን የሚፈልጉት አልበቀሉልሽም።
አዲስ ቢሆን እንኳ መንገዱ ረጅም ነው። ሙሉ ጂኖም (የባክቴሪያው ዲኤንኤ በሙሉ) ያስፈልጋል። ከቅርቡ ዘመድ ታይፕ ስትሬይን (የዝርያው መለኪያ ናሙና) ጋር ሲነጻጸር ኤኤንአይው (የሁለቱ ጂኖም አማካይ መመሳሰል) ከ95 እስከ 96 ከመቶ ካለው መስመር በታች፣ ዲጂታል ዲኤንኤ ሃይብሪዳይዜሽኑ (በኮምፒውተር የሚሰላ ሌላ የጂኖም ንጽጽር) ደግሞ ከ70 በታች መውረድ አለበት። ከዚያ ሕያው ካልቸሩን በሁለት የተለያዩ አገሮች ባሉ ሁለት የባክቴሪያ ባንኮች ታስቀምጫለሽ፣ ለምሳሌ ጀርመን ዲኤስኤምዜድና ጃፓን ጄሲኤም። እነሱ ደግሞ ከየት አገር፣ በምን ፈቃድ ወጣ ይሉሻል። የናጎያ ፕሮቶኮል (የአንድ አገር ሕያው ሀብት በፈቃድ እንዲወሰድ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጉዳይ ነው፣ ባሕሩ የጅቡቲ ነውና ፈቃዱም ከጅቡቲ ነው። "አጎቴ በሃይላንድ" አያስኬድም።

ባለ ጋውን፦
አጎትሽን ግን ይመቻቸው። የኔ ዘመድ ከዚያ መስመር ሲመጣ ተምር እንኳ አያመጣም።

የጅማዋ፦
ቤቶች፣ ከፈትኩት። ትናንት ቀኑን ሙሉ መብራት ስላልነበረ ነው የዘገየሁት። እስከ 680 አካባቢ ፒኩ ጥርት ያለ ነው፣ ከዚያ በኋላ አንዱ ባንዱ ላይ የተጫነ ዝብርቅርቅ ነው፣ እንዴት እንዳላየሁት አላውቅም። ቆርጬ ስደግመው 99.4 ሆነ። ከላይ የመጣውም ቪብሪዮ አልጂኖሊቲከስ! ጨው በረንዳ፣ ጆሮህ ተርፏል። ገና ጋይርቢን አሠራለሁ፣ ጥናቱን ግን እዚሁ ጅማ ባለው ቦዬ ረግረግ ላይ ላድርገው እያልኩ ነው፣ በባጃጅ እደርሳለሁ፣ ናሙናውንም በበረዶ ይዤ በዚያው ቀን ላብ አስገባዋለሁ። የቸገረኝ አጎቴ ነው። በስሙ ባክቴሪያ ሊወጣ ነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሯል።