ሰመር ካምፕ ለልጁ ነው ወይስ ለእኛ?

አወያይ፦ የዛሬውን ርዕስ ያመጣችልን አንዲት እናት ናት። የ11 ዓመት ልጇ ሁለት ሳምንት አዳር ላለው ሰመር ካምፕ ተመዝግቧል። ልጁ «አልሄድም» ብሎ ድርቅ ብሏል። አባትየው ደግሞ «ይሂድ፣ ሲደርስ ይለምደዋል» ባይ ነው። እሷ መሀል ላይ ናት። ጥያቄዬ አጭር ነው። ካምፕ ለሚሄዱት ልጆች ምናቸው ነው? የሚያድጉበት ቦታ ነው ወይስ ወላጅ እፎይ የሚልበት? ሐሳብ ወርውሩ፣ ስድብ የለም። ዓመተ ምሕረት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ ይሁን፣ ባለፈው ተምታቶብን ነበር።

ተጠራጣሪው፦ ሁሉም «አቤት ሲያምር!» ማለት ሳይጀምር እኔ ልቅደም። ካምፕ የትልልቆች ፈጠራ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ የት ይዋል? እኛ ሥራ አለብን፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው የለም። እሺ፣ ችግር ነው፣ ይገባኛል። ግን የራሳችንን ችግር «ለልጁ እድገት» በሚል ወረቀት አንጠቅልለው። በፊሽካ ተነሳ፣ በፊሽካ ብላ፣ በፊሽካ ዋኝ። ዕረፍት የተባለው ነገር ሌላ ትምህርት ቤት ሆነ እኮ! ልጅ መሰልቸትም መብቱ ነው። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ መዋል ያለበት ቀን አለ።

የቀድሞ መሪ፦ ወንድሜ፣ ፊሽካው ላይ ምንም አልልህም፣ ስድስት ዓመት ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። «የትልልቆች ፈጠራ» ያልከው ላይ ግን ቆይ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰመር ካምፕ የሚባለው የ1861ዱ ነው፣ አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ። ፍሬድሪክ ዊልያም ገን የሚባል ሰው የወንዶች ትምህርት ቤት ነበረው። የእርስ በርስ ጦርነቱ የጀመረበት ዓመት ነው። ተማሪዎቹ እንደ ወታደር ተሰልፎ መሄድና ውጭ ማደር አማራቸው። ገንና ባለቤቱ ይዘዋቸው ወጡ፣ ባሕሩ ጋ እስኪደርሱ ተጓዙ። ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ዋኙ፣ ጀልባ ቀዘፉ፣ ዓሣ አጠመዱ። የአማራቸው እነሱ ናቸው። ገን እሺ ነው ያለው።

ተጠራጣሪው፦ ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ግን የሚያግዘው ለእኔ ነው። የገን ተማሪዎች አምሯቸው ሄዱ። የዚች እናት ልጅ አልሄድም እያለ ነው። ደግሞ የሚጥምህን ብቻ መርጠህ አትጥቀስ። አርቴክንስ? በ1925 ክራይሚያ ውስጥ ሲከፈት የሳንባ ነቀርሳ ለሚያሰጋቸው ልጆች ነበር። ቆይቶ የሶቪየት ፓዮኒየሮች፣ ማለትም የኮሚኒስት ፓርቲው የልጆች ድርጅት፣ ዋና ካምፕ ሆነ። ትልልቅ ሰው ልጆችን ከቤት አውጥቶ አንድ ቦታ ሲሰበስብ ብዙ ጊዜ የሚያስገባባቸው ነገር አለው። ሃይማኖት ይሁን፣ ፓርቲ ይሁን፣ ስፖርት ይሁን።

ባለ አንድ ጥያቄ፦ የሚሄደው የማን ልጅ ነው? ያለው ሰው ልጅ አይደል እንዴ? ለምን ይህን አታነሱም?

የቀድሞ መሪ፦ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ልክ ነህ። ድሮ ግን በተቃራኒውም ተጀምሯል። በ1876 ቫልተር ቢዮን የሚባል ፓስተር ከዙሪክ የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ሰብስቦ ንጹሕ አየር ያግኙ ብሎ ወደ ተራራ ወስዷቸዋል። በ1907 ቤደን ፓወል እንግሊዝ ውስጥ ብራውንሲ ደሴት ላይ ያሰፈራቸው 20 የሚሆኑ ልጆችም ግማሹ የሀብታም ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ግማሹ የሠራተኛ ልጅ ነበር። ስካውት የጀመረው ከዚያ ነው። ሆን ብሎ ነው የቀላቀላቸው።

መምህሯ፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። የምታወሩት ስለ አዘጋጆቹ ሆነ። እኔን የሚያሳስበኝ ልጆቹ አብረው ሲሆኑ እርስ በርስ የሚያደርጉት ነው። በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ወንዶች ልጆችን ካምፕ አስገባ። ዕድሜያቸው 11 ገደማ። ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ራሱን «ንስሮች» አለ፣ ሌላው በመርዘኛ እባብ ስም ተጠራ። መጀመሪያ አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ አያውቅም። ውድድር ሲጀመር ግን ባንዲራ ማቃጠል፣ የሌላውን ማደሪያ መበርበር መጣ። በቀናት ውስጥ! ደግሞ አስቸጋሪ ልጆች አልነበሩም፣ ጤነኛና ሰላማዊ የሚባሉት ተመርጠው ነው የገቡት። «ጓደኛ ያፈራሉ» ስትሉኝ ይህ ትዝ ይለኛል። ጠላትም ያፈራሉ።

የቀድሞ መሪ፦ እህቴ፣ ግማሹን ነው የነገርሽን። ኋላ ውሃ ተቋረጠ ተባለ፣ ቀጥሎ መኪናው አልነሳም አለ። የተጣሉት ልጆች አብረው ገመድ ይዘው መኪናውን ጎተቱት። ገመዱ ደግሞ ያው እርስ በርስ ሲጓተቱበት የነበረው ነው። መጨረሻ ላይ በአንድ አውቶቡስ ነው ወደ ቤት የተመለሱት። ጠቡንም እርቁንም ያቀነባበሩት ትልልቆቹ ናቸው። ስለዚህ ወላጅ መጠየቅ ያለበት «መሪዎቹ እነማን ናቸው?» ብሎ ነው። ሐይቁ ውብ ነው ወይ፣ ፈረስ አለ ወይ፣ እሱ በኋላ ይደረሳል።

ተጠራጣሪው፦ ልጆቹ ሙከራ ውስጥ መሆናቸውን ማንም አልነገራቸውም። እሱስ?

የቀድሞ መሪ፦ እሱን አልከራከርህም።

ሦስቴ የሄድኩ፦ ስለ ልጆች ይህን ሁሉ ስትከራከሩ አንድም ልጅ አልተናገረም። እኔ 17 ነኝ፣ ስለዚህ ይፈቀድልኝ። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ትምህርት ቤት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ዝምተኛዋ» ነኝ። አንዴ ከተባልሽ በቃ። ስታወሪ እንኳ «እንዴ! ታወራለች ለካ!» ይሉሻል፣ አፍሽን መልሰሽ ትዘጊያለሽ። ካምፕ ስደርስ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። የመጀመሪያው ማታ እሳት ዙሪያ ተቀመጥን፣ በየተራ ስለ ቤተሰባችሁ አንድ ነገር አውሩ ተባለ። ተራዬ እስኪደርስ ጉልበቴን አቅፌ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ከዚያ እንዴት እንደወጣኝ እንጃ፣ የአያቴን ማንኮራፋት አወራሁ። እያንኮራፋሁ አሳየኋቸው። አንዷ ልጅ በሳቅ ከተቀመጠችበት ግንድ ወደ ኋላ ወደቀች። በቃ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ «አስቂኟ» ሆንኩ። መብራት ሲጠፋ «እስኪ አያትሽን አምጪልን» ይሉኛል።

ቤት ስመለስ እማዬ «ምን ተማርሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ቋጠሮ መቋጠር ተማርኩ አልኳት። ውሸት አይደለም፣ ተምሬ ነበር። አሁን ረስቼዋለሁ።

ደግሞ ፊልም እንዳታስመስሉት፣ ትምህርት ቤት ስመለስ አስቂኝ አልሆንኩም። አሁንም ዝምተኛዋ ነኝ። ግን ዝምታው የቦታው እንጂ የእኔ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ክፍል ውስጥ አንዳንዴ ዝም ብዬ ተቀምጬ ለራሴ የምስቀው ለዚያ ነው።

መምህሯ፦ ይህን ካነበብኩ በኋላ ትንሽ ዝም ልበል።

የልጅ አባት፦ የኔ ልጅ፣ ደስ የሚል ነው። የእኔን ግን ስሙልኝ። ልጄን በዘጠኝ ዓመቱ ላክሁት። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ስም ማጥፋት አልፈልግም። ስልክ አይፈቀድም፣ ደብዳቤ ይጻፋል ተባልን። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። «ደህና ነኝ። ዋና ጀመርን። የባትሪዬ ድንጋይ አልቋል፣ ላኩልኝ።» እኔና እናቱ ደስ አለን። እንዲያውም ፍሪጅ ላይ ለጠፍነው። ባትሪው ለምን አለቀ ብሎ የጠየቀ የለም። ከተመለሰ ከወራት በኋላ ነው የነገረን። ሽንት ቤቱ ከድንኳኑ ራቅ ይላል። ጨለማ ይፈራል፣ አልሄደም፣ አልጋው ላይ አመለጠው። ልጆቹ ሲነቁ ሳቁበት። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ አብርቶ ሳይተኛ ያድር ነበር። እኛ ፍሪጅ ላይ የለጠፍነው ይህን ነው።

ተጠራጣሪው፦ ጋሼ፣ በጣም አዝናለሁ። መሪዎቹ አላወቁም?

የልጅ አባት፦ አንሶላውን ቀይረውለታል። ለእኛ ግን አልደወሉም። «ትንሽ ነገር ነው ብለን» አሉኝ ስጠይቅ። ለእነሱ ትንሽ ነው እንግዲህ።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦ ናፍቆትን ያጠና ክሪስቶፈር ተርበር የሚባል ባለሙያ አለ። በ1995 ባሳተመው ጥናት ካምፕ ከገቡ 329 ወንዶች ልጆች 83 ከመቶው ቢያንስ አንድ ቀን ቤታቸው ናፍቋቸዋል። ስለዚህ የሚናፍቅ ልጅ የተበላሸ ልጅ አይደለም፣ ብዙኃኑ ነው። ብዙዎቹም ቀለል ባለ መልኩ ነው የሚያልፋቸው። እሱና አንድ ባልደረባው በ2007 ለወላጆችና ለሐኪሞች በጻፉት ምክር ውስጥ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው፣ ልጁ ከውሳኔው ይግባበት። መምረጡን ሲያውቅ ናፍቆቱ ይቀልለታል። ሁለተኛው፣ አስቀድሞ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት አድሮ ይልመድ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፦ «ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ» አትበሉት። ልጁ ያንን ይይዝና ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ መውጫውን ያሰላል።

ተጠራጣሪው፦ አንደኛውን ደግመህ በልልኝ፣ አባትየው እንዲሰማ። ከውሳኔው ይግባበት! ይህን ነው ከጠዋት ጀምሮ የምለው።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦ አዎ፣ ግን «ቤት ጣሪያ እያየ ይዋል» አላልኩም።

ባለ አንድ ጥያቄ፦ ሁለተኛ ጥያቄ ፈጠርኩ፣ ይቅርታ። ስልኩስ? መከልከሉ ልክ ነው?

ሦስቴ የሄድኩ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እጅሽ ኪስሽ ውስጥ እየገባ ያፍራል። ከዚያ ይረሳል።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦ በ2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች አምስት ቀን ያለ ምንም ስክሪን ካምፕ ቆዩ። ሲመለሱ የሰው ፊት አይቶ ስሜትን በመለየት ትምህርት ቤት ከቀሩት እኩዮቻቸው የበለጠ ተሻሽለው ተገኙ። አምስት ቀን ብቻ ነው፣ ብዙ አንለጥጠው። ግን ለእኔ በቂ ነው። የጋሼ ልጅ ታሪክ፣ የባትሪው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የጎደለው ስልክ ሳይሆን ወላጅን የሚያሳውቅ መሪ ነው።

በክራንች የምሄድ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ካምፕ መሄድ ወይስ አለመሄድ እያላችሁ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የሚቀበለኝ አልነበረም። «ለደህንነቱ» ይባላል። ስለዚህ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ስለነበረው ካምፕ ጄኔድ ልንገራችሁ። ለአካል ጉዳተኛ ልጆችና ወጣቶች የተከፈተ ነው፣ በ1951። ወጣቶቹ እዚያ ኳስ ተጫወቱ፣ ተፋቀሩ፣ ማታ ማታ ስለ ወላጆቻቸው አሙ። ከልክ በላይ ስለሚጠነቀቁ ወላጆች ማለቴ ነው። ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ብቸኛው ነው፣ እዚያ ግን ሁሉም እንደዚያው ነው። ጁዲት ሂውማን ከእነዚያ ልጆች አንዷ ናት። በ1977 አካል ጉዳተኞች መብታቸውን የሚያስከብረው ደንብ ይፈረም ብለው ሳን ፍራንሲስኮ የመንግሥት ሕንፃ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አልወጣም ሲሉ ከመሪዎቹ አንዷ እሷ ነበረች። አብረዋት ከነበሩት ውስጥ የጄኔድ ጓደኞቿ ነበሩ። ደንቡ ተፈረመ። ተጠራጣሪው ወንድሜ፣ ትልልቆች ልጆችን ሰብስበው ይቀርጻሉ አልክ። አንዳንዴ ልጆቹ ተሰብስበው እርስ በርስ ይቀራረጻሉ።

ተጠራጣሪው፦ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ነጥብ ተይዞብኛል። ፊሽካው ላይ ግን አልወርድም።

የቀድሞ መሪ፦ ፊሽካውን እኔም ጣልኩት፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ። ከንፈሬ ቆስሎ ነው እንጂ በመርህ አልነበረም።

አወያይ፦ ባለጉዳይዋ እናት ጽፋልናለች።

እናትየው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ የጻፉትን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ልጄ ክፍል ገባሁ። «ለምንድን ነው የማትሄደው?» አልኩት። እስካሁን «ሂድ» እና «አትሂድ» ስንባባል ነበር እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፣ አፈርኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ። ከዚያ «ሌሊት ሽንት ቤቱ ውጭ ነው?» አለኝ።

ደውዬ ጠየቅሁ። ማደሪያው ውስጥ ነው፣ ኮሪደሩም መብራት አለው። ነገርኩት። «እሺ» አላለም። ግን ቅዳሜ የአክስቱ ልጅ ጋ አድሮ ይሞክራል። አባቱም «እሱ ራሱ ይወስን» ብሏል፣ እንደ መኮሳተር እያለ።

የልጅ አባት፦ ከሄደ ባትሪ አሲዢው፣ ልጄ። ድንጋዩን ከትርፍ ጋር።