ለእባባችሁ የቱ ቤት ይሻላል? መስታወት፣ ፒቪሲ፣ እንጨት ወይስ የፕላስቲክ ሳጥን

እሺ ጥያቄው እየተደጋገመ ስለሆነ አንዴ ሰብሰብ አርጌ ልጻፈው። እባብ ላሳድግ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀው "ምን ያህል ታንክ ልግዛ" ነው፣ እኔ ደሞ መልሼ ምጠይቀው "ምን አይነት እባብ?" ነው። ቦል ፓይተንም ኮርን ስኔክም ለጀማሪ ይሆናሉ ይባላል እንጂ የቤት ፍላጎታቸው ለየቅል ነው። ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ እባብ ነው፣ ቀኑን የአይጥ ጉድጓድ ወይ የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተጠቅልሎ ሚያሳልፍ፣ ስለዚህ ሙቀቱም እርጥበቱም ከፍ ያለ ሲሆን ነው ሚስማማው። ኮርን ስኔክ የደቡብ ምስራቅ አሜሪካ ነው፣ ቀጠን ያለ፣ እግር የለውም እንጂ እግረ ቀላል ምትሉት፣ መንጠላጠል ሚወድ፣ እርጥበት ላይ ብዙ ማያስቸግር ግን ለማምለጥ የተፈጠረ። አረንጓዴው የዛፍ ፓይተን ከሆነ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ውሎው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ቁመት ያለው ቤት ያስፈልገዋል። እና እባቡን ሳትወስኑ ቤት አትግዙ፣ በቃ።

መጠኑን ቶሎ ልጨርሰው። አዋቂ ቦል ፓይተን ከ90 እስከ 150 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፣ ሴቶቹ ይበልጣሉ፣ ኮርንም እዚያው አካባቢ ነው፣ አንዳንዱ 180 ይነካል። የድሮው ምክር የቤቱ ርዝመትና ስፋት ተደምሮ የእባቡን ርዝመት ካከለ ይበቃል ሚል ነበር፣ አሁን አሁን ግን እባቡ ቀጥ ብሎ መዘርጋት ሚችልበት ይሁን ሚሉት እየበዙ ነው፣ እኔም ከነሱ ጋ ነኝ። "እባብ ሁሌ ተጠቅልሎ ነው ሚኖረው፣ ቦታ ምን ያደርግለታል" ሚሉ ሰዎች ማታ መብራት ጠፍቶ አይተውት ማያውቁ ናቸው። ለሁለቱም ከ120 በ60 በ60 ሳንቲሜትር አትውረዱ፣ ረዘም ላለው ጨምሩ።

አሁን ወደ ዋናው። የእባብ ቤት ስትመርጡ ምትገዙት እቃው ምን ያህል ሙቀትና እርጥበት እንደሚይዝና በደንብ እንደሚዘጋ ነው፣ ማማሩ ከዛ በኋላ ነው ሚመጣው። በዚህ ሚዛን ነው ሁሉንም ማየው።

ከላይ ሚከፈተው የአሳ ታንክ። ብዙ ሰው በዚህ ነው ሚጀምረው ምክንያቱም የትም አለ፣ ያገለገለም ይገኛል። ችግሩ ክዳኑ ወንፊት ነው፣ ያሞቃችሁት አየር በሱ ሽው ብሎ ይወጣል፣ እርጥበቱም ተከትሎት። ሌላው ሰው ልብ ማይለው ነገር ደሞ እጃችሁ ሁሌ ከላይ ነው ሚመጣው፣ እባብን ደሞ ጭልፊትም ንስርም ከላይ ነው ሚያነሳው፣ ስለዚህ ገራም ነው የተባለው እባብ ክዳኑን ስታነሱ አንገቱን ሰብስቦ ቢጠብቃችሁ አትገረሙ። ያላችሁ እሱ ከሆነ ግን አትጣሉት፣ የወንፊቱን አብዛኛውን ክፍል በፎይል ወይ በተቆረጠ አክሪሊክ ሸፍኑት (መብራቱ ያለበትንና ትንሽ አየር ማስገቢያ ትታችሁ)፣ ሶስቱን ጎን ከውጭ በጥቁር ወረቀት አልብሱት። ከውጭ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ፕላስተርም ሆነ ስኮች ቤቱ ውስጥ እንዳይገባ፣ አንዴ ቅርፊቱ ላይ ከተጣበቀ ሲላቀቅ ቆዳውን ይዞት ነው ሚነሳው።

ከፊት ሚከፈተው የመስታወት ቴራሪየም፣ እንደ ኤግዞ ቴራ አይነቱ። ይሄ ለዓይን ቆንጆ ነው፣ በሩ ከፊት ስለሆነ የእጁ ጉዳይ ተፈታ፣ ተክል ልትተክሉበት ከሆነም ይሆናል። ግን ጣራው ያው ወንፊት ነው፣ መስታወት ደሞ ሙቀት አይዝም። ለኮርን ስኔክ ጥሩ ምርጫ ነው እላለሁ፣ ለቦል ፓይተን ግን ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትረጩ ልትውሉ ነው። ክብደቱንም አስቡት፣ 120 ሳንቲሜትሩን ለብቻ ማንሳት ሚባል ነገር የለም፣ ጠረጴዛውም መቻል አለበት።

ፒቪሲ፣ ድርቅ ካለ የፕላስቲክ ሰሌዳ ሚሰራው ማለት ነው። የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ በተለይ ለቦል ፓይተን ሳላቅማማ። ክብደቱ ቀላል ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ እርጥበት አያበሰብሰውም፣ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው። ከመስታወቱ ጋ ስታነፃፅሩት ሶስት ጎኑ ድፍን መሆኑ ራሱ ለእባቡ እረፍት ነው። እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። አንደኛ ስስ የሆነው፣ 6 ሚሊሜትር አካባቢ ያለው፣ ረጅም ጣራ ላይ መሀሉ እየረገበ ይመጣል፣ በተለይ ሌላ ቤት ከላይ ከደረባችሁበት፣ ስለዚህ ስትጠይቁ የጣውላውን ውፍረት ጠይቁ፣ 10 ና ከዛ በላይ ቢሆን ደስ ይላል። ሁለተኛ አምፖል ጣራው ስር ስታስሩ ከፕላስቲኩ ራቅ ይበል፣ ይቀልጣል ባይባልም ይጣመማል፣ አምፖሉንም በሽቦ ቀፎ ሸፍኑት አለዚያ እባቡ ሄዶ ይጠመጠምበትና ይቃጠላል። እነ ዜን ሃቢታትስ ደሞ ግድግዳው ፒቪሲ ሆኖ ጣራው ወንፊት የሆነ ይሸጣሉ፣ መብራቱን ከላይ ማስቀመጥ ይመቻል፣ ግን ያው የወንፊት ነገር ነው፣ እርጥበት ለሚፈልግ እባብ መሸፈኛ አብሮ ማሰብ ነው።

ሶስተኛው የፒቪሲ ጣጣ ለብቻው ይጻፍ። አብዛኛው በሩ ሁለት ተንሸራታች መስታወት ነው፣ አንዱ በአንዱ ፊት ሚያልፍ። ሁለቱ በሚደራረቡበት መሀል ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት አለ፣ ከሩቅ አይታይም። የኮርን ስኔክ ጫጩት እርሳስ ታክላለች፣ ማታ አፍንጫዋን እዛ ክፍተት ላይ ለጥፋ ከታች እስከላይ፣ ከላይ እስከታች እየዳሰሰች ትወጣለች ትወርዳለች፣ ጭንቅላቷ ያለፈበት ሁሉ ሌላው አካሏ ያልፋል። ሱቆች የመስታወት ቪትሪን ላይ ሚያደርጉት መቆለፊያ በሩን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል እንጂ ክፍተቱን አይደፍነውም፣ ለሱ ግልፅ የሆነችውን ለስላሳ የፕላስቲክ መዝጊያ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ማስገባት ነው። ይሄንን የናቀ ቤት ውስጥ እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሆናል፣ ቤተሰቡ የቻርጀር ገመድ ባየ ቁጥር ሲዘል ይከርማል፣ እባቡም ፍሪጅ ኋላ ሞቅ ካለው ሞተር ስር ይገኛል ከተገኘ።

እንጨት። አናጢ ካላችሁ ወይ እጃችሁ ሚሰራ ከሆነ በልካችሁ ሚወጣ፣ ሙቀት በመያዝ ከሁሉም ሚበልጥ ይሄ ነው። ጠላቱ ውሃ ነው። ችፑድና ሜላሚን ፊቱ ቢያብለጨልጭም የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ውሃ ከጠጣ አብጦ ይፈርሳል፣ የውሃው ሳህን አንዴ ከተደፋ ማዕዘኑ ነው መጀመሪያ ሚሄደው። ስለዚህ ፕላይውድ ቢሆን ይመረጣል፣ ውስጡን በውሃ ሚበጠበጥ የፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ደጋግሞ መቀባት፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ ለአሳ ታንክ በሚሆነው ሲሊኮን መድፈን (ፀረ ሻጋታ የተጨመረበትን ለመታጠቢያ ቤት ሚሸጠውን አይደለም)፣ ከዛ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ከሳምንት በላይ ከፍቶ መተው። ጠንከር ያለ ጠረን ያለው እንጨት፣ ፈረንጆቹ ሴዳር ሚሉት፣ ለግድግዳም ለንጣፍ ሰጋቱራም አይሆንም፣ ዘይቱ ለእባብ መርዝ ነው። ለኮርን ስኔክ በደንብ የተሰራ እንጨት ቤት ከፒቪሲ አያንስም፣ ለቦል ፓይተን ግን በ70 ፐርሰንት እርጥበት ለዓመታት መቆየቱን እጠራጠራለሁ።

የፕላስቲክ ሳጥን፣ ልብስ ምናስቀምጥበት ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰው ይጣላል። አርቢዎች በመደርደሪያ ደርድረው ሚጠቀሙት እርጥበት ስለሚይዝ፣ ለማፅዳትም ስለሚቀል ነው፣ እውነትም ለጫጩት፣ ለታመመ እባብ ወይ አዲስ መጥቶ ከሌሎቹ ተለይቶ ለሚቆይ ከሱ ሚሻል የለም። ጎኑን ለአየር ከውስጥ ወደ ውጭ በሳስታችሁ (ሚቧጭረው ጠርዝ ውጭ እንዲሆን) ክዳኑ በአራቱም በኩል ሚቆለፍ ከሆነ ያልቃል። ለዕድሜ ልክ ግን አልመክርም። መብራት አታስሩበትም፣ ቁመት የለውም፣ ቅርንጫፍ አይገባበትም፣ እናንተም እባቡን አታዩትም። ርካሽ ነው ብሎ ቦል ፓይተን ሚያክል 30 ዓመት ሊኖር ሚችል እንስሳን መሳቢያ ውስጥ ማኖር ለኔ አይዋጥልኝም፣ ሌላው ሌላ ቢል አልጣላም።

ሙሉው ወንፊት የሆነ ቤት ለእስስት ነው፣ ለእባብ አታስቡት፣ አፍንጫውን ሲፈትግበት ያቆስለዋል።

ከቤቱ ዋጋ ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ ቴርሞስታት ላይ ነው፣ ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ማሞቂያውን ሚገታው መሳሪያ ማለት ነው። ያለ ቴርሞስታት የተሰካ የማሞቂያ ምንጣፍ ከ45 ዲግሪ በላይ መውጣት ይችላል፣ እባብ ደሞ ሆዱ እየተቃጠለ ቶሎ ማይነሳ እንስሳ ነው፣ ሚሞቅ ድንጋይ ተብሎ ሚሸጠውንም በዚሁ ምክንያት አትንኩት። አይነቱም ይለያያል፣ እንደ ኢንክበርድ ያለው አብሪ አጥፊ ለምንጣፍ ይሆናል፣ ሃሎጅን አምፖል ላይ ካረጋችሁት ግን ሲበራ ሲጠፋ አምፖሉንም ይጨርሰዋል፣ ለአምፖል ብርሃኑን ሚያደበዝዘው፣ ብርሃን ለሌለው ለሴራሚክ ማሞቂያ ደሞ ፐልስ ሚባለው፣ ኤሌክትሪኩን ቆራርጦ ሚሰጠው ነው። ሃቢስታት ሚባለው ብራንድ ለየብቻ ሞዴል አለው፣ ሄርፕስታት በአንድ መሳሪያ ሁለቱንም ሚችል አለው፣ ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። የቱንም ብትገዙ የሙቀት መለኪያዋን ጫፍ በደንብ እሰሯት፣ እባቡ በሆዱ ገፍቶ ከምንጣፉ ላይ ካነሳት መሳሪያው የቀዝቃዛውን ጥግ አየር እየለካ "ገና ነው ገና ነው" እያለ ማሞቁን ይቀጥላል።

ቁጥሩን ለሚፈልግ፣ ቦል ፓይተን ሞቃት ጎኑ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27፣ እርጥበት ከ60 እስከ 80 ፐርሰንት። ኮርን ሞቃቱ ከ29 እስከ 31፣ ቀዝቃዛው ከ22 እስከ 25፣ እርጥበት ከ40 እስከ 60። ግድግዳ ላይ ሚለጠፈውን ባለ ቀስት መለኪያ አትመኑት፣ ዲጂታል በሁለቱም ጫፍ አድርጉ። ልክ መሆኑን ቆዳው ራሱ ይነግራችኋል፣ ሲገፈፍ እንደ ካልሲ በአንድ ከወጣ ደህና ነው፣ ተቆራርጦ ከቀረ በተለይ ዓይኑ ላይ ያለው ካልወጣ እርጥበቱ አንሷል። ወለሉ ሁሌ ጨቅይቶ ከዋለ ደሞ በተቃራኒው የሆድ ቅርፊቱ መበስበስ ይጀምራል፣ እርጥበት ሲባል አየሩ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም።

"ጫጩት ትልቅ ቤት ውስጥ ይጨነቃል፣ አይበላም" ሚባለውስ? ሚያስጨንቀው ባዶነቱ ነው። በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጎን ጠበብ ያለ መደበቂያ፣ መሀሉን በደረቅ ቅጠል፣ በዛፍ ቅርፊትና በቅርንጫፍ ሙሉት፣ ሳይታይ ከጫፍ ጫፍ መሄድ ከቻለ ስፋቱ አያስፈራውም። የኮርን ጫጩት ከሆነች ግን መጀመሪያ ክፍተቱን ሁሉ ድፈኑ፣ ካልቻላችሁ እስክትወፍር በሳጥን ትቆይ።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ መስታወትና ፒቪሲ ችግር የለም፣ በደንብ አጥቦ በፀረ ተባይ ማፅዳት ነው። ያገለገለ እንጨት ግን እኔ በነፃም አልወስድም፣ የእባብ መዥገር መሳይዋ ጥቃቅን ተባይ እንቁላሏን ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች፣ እንጨት ደሞ ሁሉ ነገሩ ስንጥቅ ነው። ከገዛችሁ በኋላ እባቡን ከማምጣታችሁ በፊት ባዶውን ሰክታችሁ አንድ ሳምንት አሰሩት፣ ቀንና ሌሊት ቁጥሩ ስንት ላይ እንደሚረጋ እዩና ከዛ ነው ሚመጣው።