በትንሽ የከሰል ግሪል ያጠንሁት ፍርምባ ለምን ደረቀብኝ?

ጠያቂ፦ የግንፍሌው

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ በኮንዶሚኒየም ነው። ውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ ባለፈው ዓመት ሲመጣ ስፋቷ 37 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ክዳን ያላት፣ ከላይም ከታችም የአየር ቀዳዳ ያላት ትንሽ ተንቀሳቃሽ የከሰል ግሪል አምጥቶልኝ ነበር። ለጥብስ ሲሆን ምንም አላስቸገረችኝም። ያቃተኝ ሥጋን በዝግታ አጥኖ ማብሰሉ ነው።

ከቅርጫው የደረሰኝን ሁለት ኪሎ ያህል ፍርምባ በሬው በታረደበት ዕለት ጨው ነስንሼ፣ ፍሙን በአንድ ወገን ሰብስቤ፣ ሥጋውን በሌላው ወገን አስቀምጬ፣ ሦስት ትልልቅ የወይራ ፍልጦች ጨምሬ ከደንሁት። ሙቀቱ እንዳይበዛ ብዬም የታችኛውን ቀዳዳ ከግማሽ በላይ ዘጋሁት፤ በዚህ ምክንያት እሳቱ ሁለት ጊዜ ሊጠፋብኝ ደርሶ ነበር። የሥጋው የውስጥ ሙቀት 68 ዲግሪ ሲደርስ ቆመና ከሁለት ሰዓት በላይ አልንቀሳቀስም አለ። ከሰል ጨምሬ ወደ 90 ካደረስሁት በኋላ ደግሞ እንደገና ቆመ። ያነበብኋቸው የአሠራር መመሪያዎች ሁሉ 95 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ ስለሚሉ እኔም ጠበቅሁ። በመጨረሻ ሲቆረጥ ዳር ዳሩ እንደ ቋንጣ ደርቆ፣ መሐሉም ጭማቂ አልቆበት ተገኘ፤ ጭሱም ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት ትቶበታል። የቤተሰብ ድርሻ የሆነ ሥጋ በእጄ ስለተበላሸ በጣም አዝኛለሁ። ስሕተቴ የቱ ላይ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ ባለ እንስራው

ይህ ነገር እኔንም ሁለት ዓመት ያህል ስላደከመኝ ዘርዘር አድርጌ ብመልስ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በፊት ያን 95 ዲግሪ የሚባል ቁጥር ይርሱት። ቁጥሩ የወጣው ለባሕር ወለል ቅርብ በሆኑ ከተሞች ለሚያበስሉ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሥጋም አብዛኛው ክፍሉ ውኃ በመሆኑ በውስጡ እርጥበት እስካለ ድረስ የመሐሉ ሙቀት ከዚያ አይዘልም። እርስዎ ከ90 ወደ 95 ለመውጣት በጠበቁበት ጊዜ ሁሉ ሥጋው ውስጥ የቀረው ጭማቂ እየፈላ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

ፍርምባን የሚያለሰልሰው በጡንቻው መካከል ያለው ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ማያያዣ ቀልጦ ወደ ለስላሳ ጀላቲን መለወጡ ሲሆን፣ ይህም ከ70 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚካሄድና ከሙቀቱ ይልቅ ጊዜን አብዝቶ የሚጠይቅ ለውጥ ነው። ስለዚህ እኔ 86 ወይም 87 ሲደርስ ቴርሞሜትሩን አስቀምጬ ሹካ አነሣለሁ። ሹካው የተቀቀለ ድንች እንደሚወጋ ያለ ትግል ከገባ፣ ሲወጣም ሥጋው ይዞ ካልሳበው ደርሷል፤ ከሳበው ግን ሙቀቱን ሳልጨምር በዚያው አቆየዋለሁ። አንዳንዴ ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

68 ላይ የቆመበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። በቤታችን የነበረውን የውኃ እንስራ ያስታውሱ፤ ሸክላው ወደ ውጭ ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ደግሞ ውስጥ ያለውን ውኃ ያቀዘቅዘዋል። ሥጋውም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ከላዩ የሚተነው እርጥበት ከፍሙ የሚመጣውን ሙቀት እኩል በእኩል ይበላዋል። በዚህ ጊዜ ከሰል ከመጨመር ይልቅ ሥጋውን መጠቅለል ይሻላል። እኔ የምጠቀመው ለድፎ ዳቦ የምንገዛውን ኮባ ነው፤ በፍም ላይ አለስልሼ ሁለት እጥፍ አድርጌ እጠቀልልበታለሁ። የውጨኛው ቅጠል ይጠቁራል፣ የውስጡ ግን ለምልሞ ይቆያል፤ ሲፈታ የሚወጣው እንፋሎት ራሱ የዳቦ ሽታ አለው። ፎይልም ይሠራል፤ ነገር ግን የሥጋውን ላይ አብዝቶ ያረጥበዋል።

የአየሩን ነገር በተመለከተ፣ በዚህ ከፍታ በእኩል መጠን አየር ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ፍም የሚታፈነው ለዚህ ነው። የላይኛውን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ክፍት ያድርጉ፤ የታችኛውንም ከግማሽ በታች አያውርዱት፤ ሙቀቱን በቀዳዳው ሳይሆን በፍሙ ብዛት ይምሩት። ለእንደዚህ ያለች ትንሽ ግሪል በአንድ ጊዜ አሥር አሥራ ሁለት የእንቁላል መጠን ያላቸው ፍሞች ይበቃሉ። አጠገብዎ ላቀች ምድጃ ላይ ሌላ ከሰል እያቀጣጠሉ በየ45 ደቂቃው ሦስት አራት የጋመ ፍም በመቆንጠጫ ያቀብሏት። ጥሬ ከሰል በቀጥታ አይጨምሩ፤ በተለይ በደንብ ያልከሰለ ከሆነ የሚያወጣው ጭስ ሥጋውን መራራ ያደርገዋል። ከሰል ሲገዙ ሁለቱን አጋጭተው ያዳምጡ፤ በደንብ የከሰለ የግራር ከሰል እንደ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ምላሽ፦ የጥብስ ቤት ሰው

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ሥጋውና ስለ ወይራው ልጨምር። በሬ በታረደ ዕለት ጥሬ ሥጋ የሚጣፍጠው ጡንቻው ገና ሳይገተር ስለሚበላ ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሥጋው ይገተራል፤ ተመልሶ እስኪላላ ደግሞ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ለማጠን የታሰበ ፍርምባ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቀን ቢያድር ይመረጣል፤ ጨዉንም ለአንድ ኪሎ 15 ግራም ያህል አድርጎ በዋዜማው ማሸት ነው። ሚጥሚጣና አዋዜ ቀድመው ከተቀቡ ያርራሉ፤ እነሱን ለገበታ ያቆዩአቸው።

ሦስት ትልልቅ የወይራ ፍልጥ ለዚያች ግሪል እጅግ ብዙ ነው። እናቶቻችን የጠላ ጋን ሲያጥኑ የሚጠቀሙባትን ያስቡ፤ አንድ ጭብጥ ስንጥር ወይራ ጭሳ ጋኑን ታውደዋለች እንጂ ማንም ግንድ አይማግድበትም። አውራ ጣት የሚያህል፣ በሚገባ የደረቀ ስንጥር በየግማሽ ሰዓቱ ማድረግና ይህንንም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ብቻ መፈጸም ይበቃል፤ ጭስ ሥጋውን አጥብቆ የሚይዘው ላዩ ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ሳለ ነው። ከክዳኑ የሚወጣው ጭስ ስስና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ሥራው ደህና እየሄደ ነው፤ ወፍራምና ነጭ ከሆነ እሳቱ ታፍኗል። ጥድና ባሕር ዛፍ ሙጫና ዘይት ስላላቸው ፈጽሞ አይጠጓቸው።

ሌላው ነገር፣ የእኛ በሬ ፍርምባ እንደ ውጭ አገሩ ስብ የለውም። በዚህ ምክንያት ለጀማሪ የምመክረው ሻኛ ነው። ጮማውና ሥጋው ተፈራርቆ የተነባበረ በመሆኑ ለረጅም ሰዓት ቢቆይም አይደርቅም። ብራዚሎችም ሻኛ ያላቸው ከብቶች ስላሏቸው ይህንኑ ክፍል ኩፒም ብለው ለሰዓታት በዝግ እሳት ያበስሉታል። እዚህ ሻኛን ሁሉም በጥሬው ስለሚሻማበት በፍም ላይ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ይህም ያስቆጨኛል።

ምላሽ፦ የፎቁ ጎረቤት

ስለ ጣዕሙ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጽፈው ጠያቂው በኮንዶሚኒየም እንደሚኖሩ ስላነበብሁ ነው። እባክዎ ግሪሏን በረንዳ ላይ፣ በተለይም በመስታወት በተዘጋ በረንዳ ላይ አይጠቀሙባት። አንድ ክረምት ዝናብ ሲያባርረኝ ማንደጃዬን ወደ ኮሪደሩ አስገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር። ጭስ አልነበረም፤ ፍሙ ቀይ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ምንም አልጠረጠርሁም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሴን ወግሮ ያዘኝ፣ ልጄም አቅለሸለሻት፤ ወደ ግቢው ስንወጣ እግሬ አይታዘዘኝም ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ ጠፍቷል ማለት አደጋው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሥጋን በዝግታ ማጠን ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በመሆኑ ቦታው የግድ ሜዳ ላይ፣ ከመስኮት ራቅ ያለ መሆን አለበት። ሲጨርሱም ሁለቱንም ቀዳዳዎች ዘግተው ያሳድሯት፤ አመዱን በማግስቱ ይድፉት።

ጠያቂ፦ የግንፍሌው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባላችሁኝ መሠረት እሑድ ዕለት ከሕንጻው ጀርባ፣ ለእርድ የምንጠቀምበት የጋራ ቤት አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ሞከርሁት። አንድ ኪሎ ተኩል ሻኛ አራት ቀን አሳድሬ፣ በአምስት ስንጥር ወይራ አጥኜ፣ 67 ዲግሪ ላይ ሲቆም በኮባ ጠቀለልሁት። ቴርሞሜትሩ 88 ካለ በኋላ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየ፤ በጠቅላላው ስድስት ሰዓት ከግማሽ ፈጀ። ኮባው ሲፈታ ጮማው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ፣ ሥጋው በሹካ እየተላቀቀ ነበር፤ ምሬትም የለውም። እናቴ አንድ ጉርሻ ቀምሳ «ጋን ጋን ይሸታል» አለች፤ ደግማም ጠየቀች።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ኮባው ከተፈታ በኋላ የሻኛው ላይ ለስልሶ ቀረ እንጂ ያ ጠቆር ያለ ቅርፊት አልቆየም።

ምላሽ፦ ባለ እንስራው

እንኳን ደስ አለዎ። ቅርፊቱን የሚያለሰልሰው ኮባው ውስጥ የታመቀው እንፋሎት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሥጋው በሹካ ሲፈተን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ኮባውን ፈትተው፣ አምስት ስድስት ትኩስ ፍም ጨምረው፣ ክዳኑን ገጥመው ለ20 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ከዚያ ሳይቆርጡ ለግማሽ ሰዓት ያሳርፉት።