ለ6 ሰው ካምፔይን ቴሬይን (የጠረጴዛ ላይ መልክዓ ምድር) መሥራት፦ ከየት ይጀመራል?

ጥቁር ግንብ
ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ሆነን የፋንታሲ ሚኒየቸር ፍልሚያ (በትንንሽ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የውጊያ ጨዋታ) እንጫወታለን። እያንዳንዳችን 10 ገደማ ምስል ያለው ጭፍራ አለን፤ ልካቸው 28 ሚሊሜትር፣ ቤዝ የሚባለው መቆሚያቸው ከ25 እስከ 32 ሚሊ ነው። ጠረጴዛችን 120 በ120 ሴንቲ ነው። አሁን ግጥሚያዎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት ካምፔይን ልንጀምር ነው። ኮረብታና ፍርስራሽ እዚህ ከሚገኝ ዕቃ እንዴት ይሠራል? ለዚህ ጠረጴዛ ስንት ቁራጭ ይበቃል? ካምፔይኑስ መሃል ላይ እንዳይሞት ምን ዓይነት ቅርጽ ይኑረው? እስካሁን ያለን ምስልና ዳይስ ብቻ ነው፤ ቴሬይኑን ከዜሮ ነው የምንጀምረው።

ሰጋቱራ
ስለ ዕቃው እኔ ልመልስ። ዋናው ዕቃ ፎም ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ነጩ፣ ሲቆረጥ ፍሬ ፍሬ እየሆነ የሚበተነው፣ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ ነው። ሌላው ጥቅጥቅ ያለ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ሰሌዳ ሲሆን አሜሪካና አውሮፓ ለግድግዳ ሙቀት መጠበቂያ ይሸጣል። ድንጋይና ጡብ ለመቅረጽ ሁለተኛው ይመረጣል፤ በእስክሪብቶ ጫፍ ስትጫነው መስመሩን ይይዛል። ለኮረብታ ግን ነጩ ይበቃል፣ ፊቱን እስከሸፈንከው ድረስ። ሶፍት ቀዳደህ፣ በእኩል ውሃ በቀጠነ ቪናቪል እያራስህ ሁለት ድርብ አልብሰው። ሲደርቅ አይፈረፈርም።

ምላጩ አዲስ ይሁን፤ የደነዘ ከተር ፎሙን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። በጋለ ሽቦ ከቆረጥክ ደጅ ወጥተህ ቁረጥ፣ ጭሱ ጎጂ ነው።

ከፍታውን በደርብ 2.5 ሴንቲ አድርገው። አብዛኞቹ ሕጎች በኢንች ስለሚለኩ አንድ ደርብ አንድ ኢንች ሆኖ ይቆጠርልሃል። አናቱ ቢያንስ 10 በ10 ሴንቲ ሜዳ ይኑረው፣ ያኔ ባለ 32 ሚሊ ቤዝ ዘጠኝ ምስል ያቆማል። ጎኑ ወይ ቀጥ ያለ ገደል ይሁን፣ ወይ ለ2.5 ሴንቲ ከፍታ 7 ሴንቲ የሚያህል ዘና ያለ ተዳፋት። መካከለኛው ነው አስቸጋሪው፦ 45 ዲግሪ ላይ ምስል አይቆምም፣ ከብረት የተሠራው ምስል ደግሞ ወድቆ ቀለሙ ይላጣል።

ደርቦቹን ስታጣብቅ ማስቲሽ አትንካ፤ ውስጡ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ይበላዋል። ስፕሬይ ቀለምም በዚሁ ምክንያት ነው ፎም የሚያቀልጠው። ፊቱን ብትሸፍነውም በአንዲት ቀዳዳ ገብቶ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ፎም ላይ ምንጊዜም በብሩሽ ቀባ። ቪናቪል አይጎዳውም፣ ግን በሁለት ሰፊ ፎም መካከል አየር ስለማያገኝ መሃሉ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ስስ አድርገህ ቀባና በስቴኪኒ ወግተህ አያይዘው፣ እስኪደርቅ እንዳይንሸራተት።

ከሥሩ 3 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) አድርግ፣ ከፎሙ በዙሪያው 1.5 ሴንቲ ይትረፍ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሹለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ፦ ኤምዲኤፉ ይቆለመማል። ምክንያቱ በላይ በኩል የተቀባው ውሃማ ሙጫ ሲደርቅ እየተኮማተረ ጠርዙን ወደ ላይ ስለሚስበው ነው። ከመጀመርህ በፊት ላዩንም ታቹንም ቀለም ቀባ፣ ሲደርቅም ክብደት ጫንበት።

ለአፈሩ ታጥቦ የደረቀ ወንፊት ያለፈ አሸዋ በቪናቪል ላይ በትን፣ አንድ ቀን ተወው፣ ከዚያ በቀጠነ ቪናቪል ድጋሚ አርጥበው። ይህን ሁለተኛ ዙር ከዘለልክ ብሩሽህ አሸዋውን ይዞት ይመጣል። መነሻ ቀለሙ ሦስት እጅ ጥቁር ቡናማ የውሃ ቀለም፣ አንድ እጅ ቪናቪል። ቀጥሎ ግራጫ፣ በመጨረሻ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ብሩሹን በጨርቅ እስኪደርቅ ጠርገህ ጫፍ ጫፉን ብቻ አስነካው። ለሣር ሰጋቱራ ነፍተህ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ዘፍዝፈህ አድርቅ። ሁለት ዓይነት አረንጓዴ ብትቀላቅል ዓይን ላይ ይሻላል።

ባለ ቀስቱ
ሰጋቱራ በሙሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ጀሶ ለኮረብታ አይሁን። ይከብዳል፣ ከጠረጴዛ ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ለተበታተነ የፍርስራሽ ድንጋይ ግን በትንሽ ቅርጽ አፍስሶ መሰባበር ጥሩ ነው።

ብዛቱን በተመለከተ፣ ጠረጴዛውን በ30 ሴንቲ 16 አራት ማዕዘን ክፈለውና አንዱም ባዶ እንዳይቀር አድርግ። አራቱ ላይ ትልልቅ ነገር፣ ስድስቱ ላይ መካከለኛ፣ በቀሩት ላይ አጥር፣ በርሜል፣ የወደቀ ግንድ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዓይንህን ጠረጴዛው ልክ አውርደህ ከዳር ዳር እይ። ከ60 ሴንቲ በላይ ያልተከለለ ቀጥታ እይታ ካለ እዚያ አንድ ነገር ጨምር። የቀስት ርቀት በብዙ ሕጎች 24 ኢንች (60 ሴንቲ ገደማ) ስለሆነ፣ ሜዳው ከተራቆተ ጎራዴ የያዘው ሁሉ ሳይደርስ ያልቃል፣ ጨዋታውም የቀስተኛ ብቻ ይሆናል።

ሕንጻ ላይ በሩ ቁመቱ 4፣ ስፋቱ 3.5 ሴንቲ ይሁን። ለምስሉ ቁመት ሳይሆን ለቤዙ ብለህ ነው የምታሰፋው። ጣሪያው የሚነሳ፣ የውስጥ ወለሉም ቢያንስ 12 ሴንቲ ስፋት ያለው ይሁን፣ አለዚያ እጅ አይገባም።

ይህ ሁሉ ለጭፍራ ጨዋታ ነው። ምስሎቹን በረድፍ አሰልፎ የሚጫወት ሌላ ሰው ይህን ካነበበ ስሌቱ ይለያል፦ አምስት በአራት የተሰለፈ ባለ 25 ሚሊ ቤዝ የወታደር ክፍል 12.5 በ10 ሴንቲ ይይዛል፣ መዞርም አለበት። በቁራጮች መካከል ቢያንስ 20 ሴንቲ ክፍተት ተው።

ካርታ ሠሪ
ካምፔይኑን ከቴሬይኑ ለይተህ አታቅድ። መጀመሪያ ካርታው ይሣል፣ ከዚያ ካርታው የሚጠይቀውን ብቻ ሥሩ።

ለስድስት ሰው 19 ባለ ስድስት ጎን ግዛት ልክ ይመጣል፦ አንድ መሃል፣ ስድስት በዙሪያው፣ 12 በውጭ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከውጩ ሁለት ጎረቤት ግዛት፣ አንዱ የማዕዘን፣ አንዱ የጎን ይድረሰው፤ የማዕዘኑን ጫካ፣ የጎኑን ኮረብታ አድርገው። የውስጡን ስድስት አንድ ፍርስራሽ፣ አንድ ወንዝ እያልክ አፈራርቀው፣ መሃሉ ላይ አሮጌ ግንብ። በዚህ አሰላለፍ ሁሉም ሰው አንድ ፍርስራሽና አንድ ወንዝ ይዋሰናል፣ ስለዚህ «የኔ ቦታ መጥፎ ነው» የሚል አይኖርም። ልትሠራ የሚገባህም አምስት ዓይነት ብቻ ሆነ። የሚዋጉበት ግዛት ጫካ ከሆነ ከጠረጴዛው ግማሹ ዛፍ ይሁን።

ሁሉም ከሁሉም ቢገጥም 15 ግጥሚያ ነው፣ ማለትም አምስት ዙር በሦስት በሦስት። ለአንድ ዙር ሁለት ሳምንት ስጥ፣ በ10 ሳምንት ያልቃል። የማብቂያው ቀን ከመጀመሪያው ይነገር። ካምፔይን የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ስለማይታይ ነው።

ሁለተኛው ገዳይ አሸናፊው እየበረታ መሄዱ ነው። የግዛት ሽልማት ጉልበት ሳይሆን ምርጫ ይሁን፦ ወንዝ ያለው ማን ቀድሞ እንደሚሰለፍ ይወስናል፣ ፍርስራሽ ያለው አንድ ዳይስ በግጥሚያ አንዴ ይደግማል። ለአንድ ምስል የሚጨመር ችሎታ ከሦስት አይበልጥ። ተሸናፊው ደግሞ የሚቀጥለውን ሲናሪዮ (የግጥሚያውን ሁኔታና ዓላማ) ይምረጥ።

ለቆሰለ ምስል ከግጥሚያው በኋላ አንድ ዳይስ ይጣል፦ 1 ሞተ፣ 2 የሚቀጥለውን ግጥሚያ አይጫወትም፣ ከ3 እስከ 6 ድኗል። በየግጥሚያው አራት ቢወድቅ በአምስት ዙር 20 ይሆናል፣ ከነዚህ ሦስት ገደማ ይሞታሉ። ከ10 ሦስት ማጣት ያማል ግን አያስወጣም። ከዚህ ጠንካራ ሠንጠረዥ አትጠቀሙ።

በጊዜው ያልተካሄደ ግጥሚያ አይጠበቅ። ሁለቱ ተጫዋቾች ዳይስ ይወርውሩ፣ ከፍ ያለው ግዛቱን ይውሰድ፣ ነገር ግን ልምድ (ምስሎቹ ችሎታ የሚያገኙበት ነጥብ) አይቆጠርለት። ውጤቱ ያኑ ቀን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ከጭፍራው መመዝገቢያ ወረቀት ፎቶ ጋር ይለጠፍ።

ጥቁር ግንብ
እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ወንዙ እንዴት ይሠራል? አንድ ሰው መሃል ላይ ቢያቋርጥስ?

ሰጋቱራ
ወንዙን በ30 ሴንቲ ቁራጭ ሥራው፤ ጠረጴዛውን ለማቋረጥ አራት ቀጥታ ይበቃል፣ ሁለት ጥምዝ ጨምር። ጫፋቸው ሁሉ እኩል 8 ሴንቲ ስፋት ይኑረው፣ በማንኛውም ቅደም ተከተል እንዲገጥሙ። መሃሉን ጥቁር ሰማያዊ፣ ዳሩን ቡናማ ቀባና የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ስስ ስስ አድርገህ ደጋግም። ቪናቪል ወፍራም አድርጎ ማፍሰስ አይሆንም፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል።

ባለ ቀስቱ
ለወንዙ መሻገሪያ ሁለት አድርግ፣ አንድ ድልድይና አንድ መልካ። መሻገሪያው አንድ ብቻ ከሆነ ሁለቱም ጭፍራ ዳርና ዳር ቆሞ ይጠባበቃል።

ካርታ ሠሪ
ያቋረጠው ሰው ግዛቶች የሽፍታ ይሁኑ። ተራው ከእሱ ጋር የነበረው ተጫዋች ሽፍቶቹን ይግጠም፣ ሽፍቶቹን ደግሞ የራሱን ግጥሚያ የጨረሰ ሌላ ሰው ያንቀሳቅስ። አሸናፊው ግዛት ይወስዳል፣ ሽፍቶቹ ግን ልምድ አይሰበስቡም፤ ዙሩም ሳይጎድል ይቀጥላል።