የመስከረም 1942ቱ ፎቶግራፍ፦ ይህን አውሮፕላን የሚለይልን ይኖራል?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ ሻይ ቤት እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ የምንገናኝ አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ጨዋታችን የድሮ አውሮፕላን መለየት ነው። ተራው የደረሰው ሰው ፎቶግራፍ ያመጣል፣ በክንፉና በጎኑ የተጻፈውን በወረቀት ይሸፍናል፣ የቀረነው ዓይነቱን ለመናገር እንሞክራለን። ያወቀ ሰው ሻዩን በነፃ ይጠጣል፤ የሚቀጥለውንም ፎቶግራፍ የሚያመጣው እርሱ ነው። ባለፈው ወር የቀረበልን በነሐሴ 1921 አዲስ አበባ የደረሰው ፖቴዝ 25 ነበር፤ ከታችኛው ክንፍ ማጠር የተነሳ ሻይ እስኪቀዳ እንኳ አልቆየም።

አቅራቢው መልሱን ሳያውቅ ፎቶግራፍ ማምጣት በደንባችን የተከለከለ ነው። እኔ ይህን ደንብ ጥሼ፣ ከአያቴ ሣጥን ውስጥ ከግብር ደረሰኞች ጋር ተጠቅልሎ ያገኘሁትን አንድ ፎቶግራፍ አቀረብሁ፤ ሦስት እሑድ ሙሉም ስንከራከርበት ቆየን። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። በሣር ሜዳ ላይ የቆመ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይታያል፤ አፍንጫው ክብና ደንዳና ነው፤ ከአብራሪው መቀመጫ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚዘልቅ ረጅም የመስታወት ክዳን አለው፤ የኋላ ጎማው ትንሽ ስለሆነ ጭራው ዝቅ ብሏል። የሚገርመው ግን እግሩ ነው፤ ከክንፉ ሥር ጀምሮ እግሩን ከፊት የሚሸፍን፣ ጋሻ የሚመስል ሰፊ ብረት አለ። ከፊቱ ከቆሙት ሦስት ሰዎች አንዱ እጁን በዚህ ብረት ላይ አሳርፏል። በጀርባው በአያቴ እጅ «መስከረም 1942» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ቦታው ኮምቦልቻ ነው ትላለች።

እባካችሁ ስሙን ብቻ ሳይሆን ከምን እንደተነሳችሁም ጻፉልን። በእኛ ከተማ ማንኛውም አሮጌ አውሮፕላን ገና ሲታይ «ካፕሮኒ» ይባላልና። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣልያን ደሴን ከሰማይ ከደበደበ ወዲህ ስሙ በአፋችን ቀርቷል፤ ይህ ግን ለመልስ አይበቃንም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

እኔ «ስቱካ» ብዬ እወራረዳለሁ። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከላይ እየተወረወረ ቦምብ የሚጥለውን ዩንከርስ 87 ሲሠሩ፣ እግሩ የማይታጠፍ ስለነበር ሱሪ በሚመስል ሽፋን አልብሰውታል። እናንተ ጋሻ ያላችሁት ይኸው ሱሪ ይመስለኛል። የመስታወቱ ክዳን ርዝመትም ለሁለት ሰው የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ ስቱካ ደግሞ አብራሪና ተኳሽ ጀርባ ለጀርባ ሆነው የሚቀመጡበት ነው።

አራት ዓይና (ደሴ)፦

ወንድሜ ቦርከና፣ ስቱካን ከሩቅ የሚያስለየው ሱሪው ሳይሆን ክንፉ ነው፤ ከአካሉ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ የሚቀና የተሰበረ ክንፍ አለው። ሞተሩም በፈሳሽ የሚቀዘቅዝና ሲሊንደሮቹ በመስመር የተደረደሩበት ስለሆነ አፍንጫው ይሾላል እንጂ ክብ አይሆንም። ጠያቂው «ክብና ደንዳና» ካሉ ስቱካ እዚያው ላይ ወድቋል።

የእኔ አካሄድ ከዘመኑ ይነሳል። ደሴ ከጣልያን የተለቀቀችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933፣ ማለትም በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። በፎቶግራፉ ጀርባ ያለው 1942 በፈረንጅ ቁጥር የተጻፈ ከሆነ የጣልያን አውሮፕላን ሊሆን አይችልም፤ የሚቀረው የእንግሊዝ ነው። ስለዚህ ቪከርስ ዌልስሊ ነው እላለሁ። ዌልስሊ ባለ አንድ ክብ ሞተር ቦምብ ጣይ ሆኖ፣ ከሱዳን እየተነሳ በአገራችን የነበረውን የጣልያን ጦር ደብድቧል፤ ቦምቡንም የሚይዘው በሆዱ ሳይሆን በሁለቱ ክንፎች ሥር በተንጠለጠሉ ሣጥኖች ነው። ጋሻ የተባለው ከነዚህ ሣጥኖች አንዱ መስሎኛል። በኅዳር 1938 እ.ኤ.አ. ሁለት ዌልስሊዎች ከግብፅ ተነስተው ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፉ አውስትራሊያ መድረሳቸውን ስለማደንቅ ወደዚህ አውሮፕላን ማድላቴን አልክድም።

የዳኮታ ወዳጅ (ኮምቦልቻ)፦

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን በደስታ አነበብሁት። አራት ዓይና ከዘመን መነሳቱ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዘመኑን ራሱን ስቶታል። «መስከረም» ብሎ የጻፈ ሰው ዓመቱን በፈረንጅ አይቆጥርም። መስከረም 1942 የእኛው ነው፤ በፈረንጅ መስከረም 1949 ላይ ይውላል። በዚያን ጊዜ ጦርነቱ ካበቃ አራት ዓመት አልፎታል፤ ዌልስሊም ከአገልግሎት ወጥቷል። ፎቶግራፉን ሳላየው እንኳ መልሱ ሳብ 17 ነው እላለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከስዊድን ከ40 በላይ ሳብ 17 ገዝቶ ቢሾፍቱ አኑሯል። አየር ኃይሉን በአዲስ መልክ ያደራጁት ስዊድናውያን ናቸው፤ አለቃቸውም በጣልያን ወረራ ጊዜ በሄንከል አምቡላንስ አውሮፕላን ለቀይ መስቀል ቁስለኞችን ያመላልስ የነበረው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ይህ ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. በአንዲት ትንሽ ሳብ ሳፊር ከስቶክሆልም ተነስቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ሕይወቱም በሐምሌ 1969 በጎዴ አልፏል።

አሁን ወደ እግሩ እንመለስ። ሳብ 17 እግሩን የሚያጥፈው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ጎማው የሚገባበት ትልቅ ሽፋን በክንፉ ሥር ጎልቶ ይታያል። እግሩ ሲወርድ ከፊት የሚቀረው ሰፊ ብረት ደግሞ ለጌጥ አልተሠራም። አውሮፕላኑ ከላይ ተወርውሮ ቦምብ ሲጥል ፍጥነቱ ከመጠን እንዳያልፍ አብራሪው እግሩን ያወርዳል፤ ነፋሱ በዚያ ብረት ላይ ሲመታ ፍሬን ይሆንለታል። ስቱካ ለዚህ ሥራ በክንፉ ሥር የተለየ ሳንቃ ሲኖረው፣ ስዊድኖች እግሩን ራሱን ፍሬን አደረጉት። ባየሁት ቁጥር ያስደንቀኛል። በበረዶ አገር የተሠራ ስለሆነም በጎማው ፋንታ የበረዶ መንሸራተቻ ሊደረግለት ይችል ነበር።

በግምት ብቻ እንዳትቀበሉኝ ሁለት ማረጋገጫ ልስጣችሁ። አንደኛው ስፋቱ ነው። የዌልስሊ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 22.7 ሜትር ገደማ ሲሆን የሳብ 17 ግን 13.7 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የቆሙት ሰዎች መለኪያ ይሆኑላችኋል። ሁለተኛው ሞተሩ ነው፤ እኔ ይበልጥ የማምነው ይህንን ነው። እኛ የተቀበልነው ሳብ 17፣ አሜሪካኖች የነደፉት ስዊድኖችም በአገራቸው የሠሩት ትዊን ዋስፕ ሞተር አለው፤ ከመጋቢት 30 ቀን 1938 ጀምሮ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከበረረው የዳኮታ አውሮፕላን ሞተር ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሲሊንደሮቹ 14 ናቸው፤ ሰባቱ ከፊት፣ ሰባቱ ከኋላ ሆነው፣ የኋላዎቹ በፊተኞቹ መካከል ባለው ክፍተት ይታያሉ። የዌልስሊው ሞተር ፔጋሰስ ግን በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ብቻ ነው ያለው። ፎቶግራፉ ከፊት ለፊት ከተነሳ፣ አጉሊ መነጽር ፈልጉና ቁጠሩ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ፎቶግራፉ የተነሳው ከፊት በትንሹ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ስለሆነ እንደ ምክርዎ አደረግሁ። ሰዓት የሚጠግን ጎረቤቴ ዓይኑ ላይ የሚያስረውን መነጽር አዋሰኝና ወደ መስኮቱ ተጠግቼ አየሁት። ከፕሮፔለሩ ስለቶች አንዱ የታችኛውን ግማሽ ስለጋረደው ሁሉንም መቁጠር አልተቻለም፤ ከላይ ግን አራት ሲሊንደሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ጎረቤቴ ነው መላውን ያመጣው፤ «እንደ ሰዓት ቁጠረው» አለኝ። ዘጠኝ ቢሆኑ ከአንዱ እስከ ሌላው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል፣ ሰባት ቢሆኑ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ትንሽ በለጥ ብለው ይራራቃሉ። በግልጽ ወረቀት ላይ የሰዓት ፊት ሥለን ብናስቀምጥበት ከሁለተኛው ጋር ገጠመ። በክፍተቶቹም ውስጥ ሌላ የደበዘዘ ቅርጽ አለ፤ የኋላው ረድፍ ይኸው ነው ብዬ አምኛለሁ።

ከክንፉ ላይ ወረቀቱን ስናነሳ የአየር ኃይላችን ክብ ምልክት ወጣ። አራት ዓይናና ቦርከና የሚመጣውን እሑድ ሻይ ይከፍላሉ፤ ጋሼ ደሴ ብቅ ካሉ የእርስዎ በነፃ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

መሸነፌን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ በሜዳው ጀርባ የሚታይ ተራራ አለ? ኮምቦልቻ ከሆነ በደሴ በኩል ያለው ገደላማ ዳገት መታየት አለበት። ለጥ ያለ ሜዳና ክብ ኮረብታ ከሆነ ቢሾፍቱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ከአውሮፕላኑ ጀርባ ሰማዩ ነጭ ብቻ ነው፤ አንድም ተራራ አይታይም። አያቴ በእነዚያ ዓመታት ቢሾፍቱ ጥቂት ጊዜ መሥራታቸውን እናቴ ራሷ ታምናለች፤ ሆኖም ኮምቦልቻ ማለቷን አልተወችም። ቦታውን እንግዲህ በይደር እናቆየዋለን። የሚቀጥለው ፎቶግራፍ የጋሼ ነው።

የዳኮታ ወዳጅ (ኮምቦልቻ)፦

በሉ እንግዲህ። ባለ አንድ ሞተር ነው፤ ክንፉ ከአካሉ በታች በኩል የተገጠመ ነው፤ ገላው እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸበሸበ ብረት ነው። ወደ አገራችን የመጣው በ1921 መጨረሻ ነው። ከዚሁ ዓይነት አንዱ በሚያዝያ 1928 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሳያርፍ በማቋረጥ ከአውሮፕላኖች ሁሉ የመጀመሪያው ሆኗል። «ዩንከርስ» ብቻ ብሎ መመለስ አይቆጠርም፤ ቁጥሩንም እፈልጋለሁ።