አሜሪካ ላሉ ልጆቻችን፦ እሁድ ለእድሩ የሚቀርበው ሃሳብ (በጥር 2017 ዓ.ም. የተደረገ ውይይት፤ የከለላው ሁኔታና ቀኖቹ የዚያን ጊዜ ናቸው)

ጸሐፊዋ፣ ሳቢያን (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሃሳባችን እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። መነሻውን ታውቃላችሁ። ባለፈው አንዱ ልጃችን እናቱን ሊቀብር አልመጣም ተብሎ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሲታማ ዋለ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ልጁ የያዘው ቲፒኤስ ነው፣ አሜሪካ የምትሰጠው ጊዜያዊ ከለላ። የጉዞ ፈቃድ ሳያወጣ ከወጣ ተመልሶ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ አንደኛ ነጥብ፦ እንዲህ ሲያጋጥም እድሩ ተነስቶ የልጁን ሁኔታ ለለቀስተኛው ያስረዳ።

አባል፣ ቨርጂኒያ፦
እግዜር ይስጥልሽ እህቴ። እኔም የያዝኩት ያንኑ ነው። ግን አደራ፣ የማንም ወረቀት ድንኳን ውስጥ አይነገር። ወሬ ይዞራል። «ፈቃድ ስላልደረሰለት ነው» ማለት ይበቃል።

ጸሐፊዋ፦
ልክ ነህ፣ አላሰብኩትም። እንደዚያ አስተካክለዋለሁ።

ሊቀመንበሩ፣ ከዚራ፦
ልጄ፣ ይህ ወረቀት ምን ያህል ያስተማምናል? እኛ ግሪን ካርድ እየመሰለን ነው።

አባል፣ ቨርጂኒያ፦
ጋሼ፣ ግሪን ካርድ አይደለም። በራሱም ወደዚያ አይወስድም። እስካለ ድረስ አያባርሩንም፣ የሥራ ፈቃድም እናወጣለን። ለኢትዮጵያውያን የተፈቀደው ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ነው፣ ለ18 ወር። በኋላ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ተራዘመ። አሁን ጥር 2017 ነው፣ የቀረን 11 ወር ገደማ ነው። መቀጠሉን የሚወስነው የአሜሪካ የሀገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር ነው። በቃ ከተባለ እያንዳንዳችን ቀድሞ ወደነበርንበት እንመለሳለን። ወረቀት ያልነበረው ያለ ወረቀት ይቀራል። እናቴ ግን በዚህ ተማምና ቤት ጀምራለች። በደወለች ቁጥር ስለ ቆርቆሮና ስለ ሲሚንቶ ነው የምታወራኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት?

ሊቀመንበሩ፦
አይዞህ። እናትህን እኔ አነጋግራታለሁ። እንዲራዘም ለኤምባሲው ደብዳቤ ብንጽፍስ?

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ ደብዳቤው ይቅር ባይ ነኝ። ኤምባሲው አይወስንም። እኛ የምንችለው እዚህ ያለውን ነው። ልጆቹ ቲፒኤስ ይዘውም ጥገኝነት መጠየቅ ይችላሉ። ያኔ የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የምስክር ቃል ከዚህ ይፈለጋል። ወላጆች ደግሞ አርጅተዋል፣ ቢሮ ለቢሮ መዞር አይችሉም። ሁለተኛ ነጥብ፦ ወረቀት የሚያሯሩጡ ሁለት ወጣቶች ይመደቡ።

ነጋዴው፣ መጋላ፦
አቦ ደላሎቹን አትርሱ! የእህቴን ልጅ አንዱ «ቲፒኤስ እዚሁ ድሬ ሆነሽ አስጨርስልሻለሁ» ብሏታል። ብር ልትሰጠው ነበር።

አባል፣ ቨርጂኒያ፦
እንዳትሰጠው! ከሚያዝያ 3 ቀን 2016 ጀምሮ አሜሪካ ሲኖር ለነበረ ብቻ ነው። ዛሬ ብትገባም አይደርሳትም። እዚህ ላሉትም አንድ ነገር ጻፉልኝ። ጥገኝነት የሚጠየቀው በመሠረቱ በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ ነው። ከለላው ላይ ሆኖ ዓመቱ ያለፈበት ግን አለቀልኝ ብሎ አይተወው፣ የሚቀበሉት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጠበቃ ይጠይቅ። ፎርም ሞላሁ ባይ ሁሉ ጠበቃ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦
ለጠበቃ መዋጮ ይሰብሰብ የሚለው ሦስተኛ ነጥብ ሆኖ ቢገባ አልቃወምም። ግን ከለቅሶው ካዝና አይነካ። ለብቻው ይሰብሰብ።

ጸሐፊዋ፦
እስማማለሁ። ስንት በነፍስ ወከፍ የሚለውን እሁድ እንነጋገርበት። የደላላውን ነገር መጀመሪያ ላይ አስገባዋለሁ፣ እሱ ጊዜ አይሰጥም።